የዳይሬክተሩ የይለፍ ቃል

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ጠዋት ባልዲዋን ይዛ ማሽን ክፍሉ ጋ ስትደርስ በሩ እንደ ወትሮው ተቆልፏል፤ በሥሩ ግን ጠቆር ያለ ነገር ፈስሶ ረግቷል። የቀለም ቆርቆሮ የተደፋ መስሏት በመወልወያዋ ገፋ አደረገችው። መወልወያውን አንስታ ስታየው ነው ባልዲዋን ጥላ ወደ ዘበኞቹ ቤት የሮጠችው። የቀኑ ዘበኛ በመለዋወጫው ቁልፍ ሲከፍት ሰውዬው መደርደሪያው ሥር በአፍጢሙ ተደፍቷል። ከበላዩ የተደረደሩት ሞደሞች ትንንሽ መብራቶቻቸውን ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ። እነሱ ምን ቸገራቸው።

መርማሪው ገብቶ መጀመሪያ ያየው እነዚያን መብራቶች ነው። በሥራ ዘመኑ ብዙ ሬሳ አይቷል፤ ሬሳ አጠገብ አርፎ የማይቀመጥ ዕቃ ግን አላየም ነበር።

ድርጅቱ መድኃኒት አከፋፋይ ነው። ከፊት ቢሮው፣ ከጓሮ መጋዘኑ፣ በመሀል ጭነት መኪና የሚዞርበት ሰፊ ግቢ። ሟች የማሽኖቹ ባለሙያ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም ወጣት። ሥራውና ቁመናው አንድ ላይ ሆነውበት ሁሉም «ሽቦ» ይለዋል። ሰሞኑን አንድ ሰርቨር ሲተክል ነው የከረመው። በየከተማው ያሉ ቅርንጫፎች፣ ከግቢው ማዶ ያለው መጋዘን፣ ቤታቸው ያሉ አለቆችም ጭምር በስልክ ደውለው ወደ ዋናው ኮምፒውተር የሚገቡት በሱ በኩል ነው። መድኃኒት የሚታዘዘውም፣ ከመጋዘን እንዲወጣ የሚፈቀደውም በዚያው ነው።

የተመታው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ በነበረው የእሳት ማጥፊያ ነው። ቀዩ ሲሊንደር ፀጉርና ደም ይዞ ከጎኑ ተጋድሟል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና ትናንት ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ ገና ምሽቱ ሳይገፋ ነው የሞተው አለ። በሩ ሲስቡት ራሱ የሚቆለፍ ዓይነት ነው። ቁልፉ ያለው ደግሞ ሟች ኪስና ዘበኞቹ ቤት ብቻ።

ነገሩ ሁሉ የሌሊቱን ዘበኛ ጠቆመ። የእሳት ማጥፊያዎቹን እየዞረ የሚያየው እሱ ስለሆነ አሻራው እላዩ ላይ ነው። ከሽቦ ጋርም ተቀያይመዋል። ሽቦ አንድ ቀን ተቀምጦ ሲያንቀላፋ አግኝቶት ሠራተኛ በተሰበሰበበት፣ «እኛ እኮ ዘበኛ አልቀጠርንም፣ ትራስ ነው የገዛነው» ብሎ አስቆበታል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም።

መርማሪው ዘበኛውን ለመያዝ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰፈሩ ቤት ከቤት የተሳሳመበት ነው፤ አንዱ ቤት ሲያስሉ ሌላው ቤት «ይማርህ» ይባላል። ዘበኛው ከተረኝነት ገብቶ ተኝቶ ስለነበር በካልሲ ነው ያወጡት። እናቱ በሩ ላይ ቆማ ምን አድርጎ ነው ስትል መርማሪው ድምፁን ሳይቀንስ፣ «ሰው ገድሎ» አላት። መስኮቶቹ ሁሉ ሰሙ።

ጣቢያ ሲደርሱ አንድ ጥያቄ ጠየቀው። ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ግቢው ውስጥ ማን ነበር?

«ሽቦና እኔ። ሌላ ሰው አልነበረም።»

«ራስህን ነው የከሰስከው እኮ፤ ገብቶሃል?»

መርማሪው በጥፊ መታው፤ ዘበኛውም መልሶ ያንኑ ቃል ተናገረ።

*

አዛዡ ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ወንበር ላይ የወጣ ልጅ ነው። በዕድሜ የመርማሪው ልጅ ይሆናል፤ ግን «አንተ» ነው የሚለው። መርማሪው ከተራ ፖሊስነት ተነስቶ፣ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ሳይማር፣ በእግሩና በአፍንጫው እዚህ የደረሰ ሰው ነው። ኢንስፔክተር ከሆነ ሰንብቷል። አዛዡ ግን አንድ ጊዜ እንግዶች ፊት «አሥር አለቃችን» ብሎ አስተዋውቆታል። እንግዶቹ ሳቁ። መርማሪው ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ እንደ ጥርስ ሕመም ይዞት ይዞራል፤ አንዳንድ ቀን ይረሳዋል፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ይነሳበታል።

«ቁልፉ የሱ፣ አሻራው የሱ፣ ጠቡ የሱ» አለ አዛዡ። «ምን ትጠብቃለህ? ዓርብ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ።»

መርማሪው አንድ ነገር ከንክኖት ነበር። ሰው ገድሎ፣ በራሱ ቁልፍ ቆልፎ፣ ቤቱ ሄዶ ካልሲውን ሳያወልቅ የሚተኛ ገዳይ አልገጠመውም። ይህን ተናገረ። አዛዡ ሰዓቱን አየ። ዓርብ አለ፤ ዓርብ ብሎ ወጣ።

የዘበኛው እናት በጣቢያው በር ላይ ከድንጋይ ድንጋይ መርጣ ተቀምጣለች። መርማሪው ባለፈ ቁጥር ትነሳለች። አትለምነውም፤ ትነሳና ትቆማለች ብቻ። ይሄ ከልመና ይከብዳል።

*

ዳይሬክተሩ መርማሪውን ኮሪደር ላይ አቁሞ አስጠበቀው። ሲያስገባውም ቀና አላለም። መርማሪው «ስለ ሰርበሩ» ብሎ ሲጀምር፣ «ሰርቨር» አለው፤ የሕፃን ንፍጥ እንደሚጠርግ ሰው።

የት አመሹ ለሚለው መልሱ ዝግጁ ነበር። ከሥራ ወደ ቤቱ፣ ከዚያ በስልክ ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተር ገብቶ ሲሠራ አመሸ። ሚስቱ ታውቃለች፤ ማሽኑም ያውቃል።

«ማሽኑ?»

«ስሜን መዝግቧል። እሱ አይዋሽም፤ ጉቦም አይበላም» አለና ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየው።

መርማሪው ደሙ ጆሮው ድረስ ወጣ። በዚያች ደቂቃ ሰውዬው ገዳይ እንዲሆን ተመኘ። ምኞቱን ግን «ጥርጣሬ» ብሎ ሰየመው፤ በዚህ ሥራ ምኞትና ጥርጣሬ አንድ ዓይነት ልብስ ነው የሚለብሱት።

ማሽን ክፍሉን እንድትጠብቅ ከሌላ መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ ተውሰዋል። ቅርንጫፎቹ መድኃኒት የሚያዙት በሰርቨሩ ስለሆነ ቢዘጋ ሰው ይሞታል። ወለሉ ታጥቧል፤ እሷ ግን ሽቦ የወደቀበትን ቦታ ሳትረግጥ እየዞረች ነው የምትሠራው። መርማሪው ነገሩን እንደማይገባው ሰው አስረጂኝ አላት፤ ደግሞም አይገባውም ነበር።

«ይሄ ሳጥን የግቢ ዘበኛ ነው በሉት፣ ጋሼ» አለችው። «ሰው በስልክ ሲመጣ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ራሱ ግን አይወስንም። እዚያ ጥግ ወዳለው ኮምፒውተር ዞሮ፣ ይሄ ሰው ይግባ ወይ ይላል። ያኛው ስሙንና ቃሉን አገናዝቦ ይግባ ካለ ያስገባል። የገባበትንና የወጣበትን ሰዓትም ይይዛል።»

መዝገቡን አሳየችው፤ ሽቦ በሞተበት ዕለት የዳይሬክተሩ ስም ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ገብቷል፤ የወጣውም ሐኪሙ ሽቦ ሞተ ካለበት ሰዓት አልፎ ነው። ቤቱ ደግሞ በከተማው ሌላ ጫፍ።

«ፊት ያያል?» አላት።

ሳቀች። «ፊትማ አያይም። ስሙና ቃሉ ከገጠመለት ለሱ ያ ሰው ነው።»

ሳቋ የክፋት አልነበረም፤ እሱ ግን ከድሮዎቹ ሳቆች ጋር አስቀመጠው። ሊወጣ ሲል ቆም ብሎ፣ ሰው ከቤቱ እንዲህ ሲሠራ የቤቱ ስልክ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቃት። መስመሩ አንድ ብቻ ከሆነ ይያዛል አለች። ከውጭ የሚደውል ሰው አያገኝም፤ እቤት ያለም እጀታውን ቢያነሳ የሚሰማው የማሽን ጩኸት ነው።

*

በዚያ ግቢ ውስጥ መርማሪውን እንደ ሰው የቆጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መጋዘን ኃላፊው። ሁሉም «ጋሽ መጋዘን» ይሏቸዋል። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ እያንሿሹ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። ሬሳው በተገኘ ቀን ወንበር ያወጡለትም፣ ሻይ ያስፈሉለትም እሳቸው ናቸው። ለዘበኛው ዋስ ሆነው ያስቀጠሩት እሳቸው ስለሆኑ በየቀኑ ምሳ ወደ ጣቢያ ይልኩለታል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ግን ሰው ሲዋረድ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል አሉ። አነጋገራቸው መርማሪውን ነካው።

ከዚያ ወዲያ ግቢው በመጣ ቁጥር መጋዘኑ በር ላይ ካርቶን ደልድለው ይቀመጣሉ። ጋሽ መጋዘን ስንት ዳይሬክተር ሥራ እንዳስለመዱና አንዱም ሲሄድ ዞር ብሎ እንዳላያቸው ያጫውቱታል። መርማሪው የአሥር አለቃውን ነገር ነገራቸው፤ ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም።

«በወረቀት ይበልጡናል እንጂ በሰውነት አይበልጡንም፣ ወንድሜ» አሉት።

መርማሪው ያን ጊዜ ዳይሬክተሩን እንደሚጠረጥር አወጣው። ጋሽ መጋዘን ሻያቸውን ሲያማስሉ ቆዩና፣ «እኔ አላልኩም» አሉ። ዓርብ እየቀረበ ነበር።

*

ዳይሬክተሩ ቢሮው ሳለ መርማሪው ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስትየዋ ሳሎን አስገባችው። ስልኩ በጥልፍ ጨርቅ ላይ እንደ ቤት ልጅ ተቀምጧል፤ አንድ ስልክ፣ አንድ መስመር። ባሏ በዚያን ዕለት ከራት በፊትም በኋላም ከኮምፒውተሩ አልተነሳም አለች። ቃሉን ሰው እንዳስጠናት ከአነጋገሯ ያስታውቃል፤ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ እንኳ የሷ አልነበረም።

መርማሪው ሻዩን እየጠጣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ጠየቃት። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ በዚያ ምሽት የደወለ ሰው ነበር ወይ አላት።

«ማን ይደውላል... ያ የሞተው ልጅ ራሱ ደወለ እንጂ። ነፍሱን ይማረው።»

«ምን አለ?»

«ጋሼ በስልክ እየሠሩ ነው ወይ አለኝ። በስልኩ እየሠራ ቢሆን እኔና አንተ በምን እናወራለን ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ። እራት ላይ ነው ላቅርብልህ ስለው፣ የለም አይረበሹ ብሎ ዘጋ።» ይህን ብላ ጨርሳ ነው የተናገረችው የታወቃት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

መርማሪው ከሷ ንግግር ግማሹን ብቻ ይዞ ወጣ። ስልኩ ነፃ ነበር፤ ስለዚህ ዳይሬክተሩ ከቤቱ አልገባም፤ ስለዚህ ዋሽቷል። ሌላው ግማሽ፣ ባልየው በዚያ ሰዓት አጠገቧ እራት ላይ ነበር የሚለው፣ ሚስት ለባሏ የምትለው ነው ብሎ እዚያው ሳሎን ትቶት ሄደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ወረቀቱም አልነበረውም።

ሐሙስ ጠዋት ዳይሬክተሩን ከቢሮው በካቴና አወጣው። ኮሪደሩን በሙሉ፣ ደረጃውን በሙሉ፣ ግቢውን በሙሉ ቀስ ብሎ አስኬደው። ጋሽ መጋዘን በራቸው ላይ ቆመው ያያሉ። መርማሪው ጠጋ ብሎ፣ ዛሬውኑ ይከሰሳል፣ እርስዎም ይረፉ አላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

*

ዳይሬክተሩ ግን እንደተጠበቀው አልፈረሰም። ጠበቃዬ ይምጣ አለና አፉን ዘጋ። መርማሪው አግባባ፣ አስፈራራ፣ ጠረጴዛ መታ። ስልኩ ነፃ እንደነበረ ሲነግረው ላብ አጠመቀው። አዛዡ በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ ይሄ ነገር ባዶ ሆኖ ከተገኘ ወደ ድሮ ማዕረግህ ነው የምትመለሰው ብሎ ሄደ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ባለሙያዋ ናት።

«ጋሼ፣ ዳይሬክተሩ እርስዎ ጋ ናቸው?»

«ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ካቴናው እጁ ላይ ነው እኮ፤ ምን ሆነሻል?»

«አሁን በስማቸው ሰው ገባ» አለች፤ ድምፅዋ ቀንሷል። «ቃሉን አንድ ፊደል አልሳተም። መድኃኒት እንዲወጣ እየፈቀደ ነው፤ አንዱን ጨርሶ አንዱን።»

መርማሪው ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው፣ ከዚያ የሰውየውን ሁለት እጆች አየ። ሁለቱም እዚህ ናቸው።

«ቃልህን ማን ያውቀዋል?»

ዳይሬክተሩ የተናገረው ወደ ወለሉ ነው። ለእያንዳንዱ ካርቶን ኪቦርድ ላይ መደፋት ሰልችቶት ነበር። የቀድሞዎቹ አለቆች ማኅተማቸውን ለታመነ ሰው ትተው ይሄዱ የለ? እሱም ቃሉን ትቶ ነበር የሚሄደው። ማሽኑ በስሙ ሰው እንደገባ ሲናገር፣ እኔ አይደለሁም ቢል ማነው ሊባል ነው፤ ማነው ሲባል ወንበሩ ሊሄድ ነው። ስለዚህ ሚስቱንም አስጠንቶ እኔ ነኝ አለ።

«ለማን ነው የተውከው?»

«ለመጋዘኑ ሰውዬ።»

መርማሪው ተነሳ። ዳይሬክተሩን ዛሬ እንደሚያስከስሰው ለጋሽ መጋዘን የነገረው እሱ ራሱ ነው። መንገድ ላይ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሚስትየዋ ሳሎን የተወው ግማሽ ቃል ተከትሎት መጣ። ሽቦ የአለቃውን ስም ማሽኑ ላይ አየ፤ ጠርጥሮ ቤቱ ደወለ፤ ስልኩ ተነሳ፤ ሰውዬው እራት ላይ ነው ተባለ። ልጁ ነገሩን ራሱ መርምሮ ጨርሶ ነበር። ለመርማሪው የቀረለት ነገር ማመን ብቻ ነበር፤ እሱንም አላመነም።

*

ጋሽ መጋዘን በካርቶኖቹ መሀል ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አድርገው በሁለት ጣታቸው፣ ዶሮ እህል እንደምትለቅም ይለቅማሉ። የእግር ኮቴ ሲሰሙ ዞር አላሉም።

«ግባ ወንድሜ፤ አንዴ ይቺን ልጨርስ።»

«የማንን ነው የምትጨርሰው?» አለ መርማሪው። አንቱታውን እዚያው በር ላይ ጣለው።

ጣቶቹ ቆሙ። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ ጠርጎም አላደረገው።

«ማኅተም እኮ ነው» አለ። «የድሮዎቹንም ማኅተም የምይዘው እኔ ነበርኩ። ስሙ ካለበት እሱ አደረገው ነው። ማኅተም ሰዓት የለውም።»

«ይሄኛው አለው።»

«ማን ነገረኝ?» አለ፤ ከልቡ አዝኖ።

ቀስ በቀስ አወጣው። የሕፃናት መድኃኒት ነው፤ ለጤና ጣቢያዎቹ የተመደበው በጓሮ ለነጋዴ ይወጣ ነበር። ዳይሬክተሩ ሲታሰር ቆጠራ እንደሚመጣ ገባው። ያለፈቃድ የወጣውን ሁሉ ቶሎ በዳይሬክተሩ ስም ሊያስፈቅድ፣ ጥፋቱም ግድያውም አንድ ሰው ላይ እንዲያርፍ ነበር የተጣደፈው። ሰውዬው በካቴና ባለበት ሰዓት ስሙ ሲፈርም ማሽኑ እንደሚይዘው አላወቀም።

የሽቦን ነገር ሲጠየቅ ግን ድምፁ ተለወጠ።

«ግቢውን አቋርጦ መጣ፤ መብራቴን አይቶ። አልጮኸም፤ አልሰደበኝም። ጋሼ፣ እኔ ከምናገር ነገ ጠዋት ራስዎ ይንገሩ አለኝ። ክብሬን ሊጠብቅልኝ ነው፤ ልጅ እኮ ነው። ተመልሶ ሲሄድ ተከተልኩት። ማሽኑን እንደነበረ ትቼው ነው የተከተልኩት። ልለምነው ነበር። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ አልኩት። የለም፣ አሁን ስሙን ልዘጋው ነው ብሎ ዞረ። እያወራሁት ጀርባውን ሰጠኝ። ሰው እያወራህ ጀርባውን ሲሰጥህ... አንተ ታውቀዋለህ።»

መርማሪው ያውቀዋል።

«ዋስ የሆንክለት ልጅስ? ዓርብ መዝገቡ ሊሄድልህ ነበር።»

«ምሳ እየላክሁለት ነበር» አለ ሰውዬው፤ በቂ መልስ የሰጠ መስሎታል። ሲነሳ የወገቡን ቁልፍ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ዳይሬክተሩ ላይ ቢያልቅ ኖሮ አንተንም እንቅልፍ አይነሳህም ነበር። እውነት ለመናገር።»

*

ዘበኛውን ሊፈታ የታሰረበት ክፍል የገባው መርማሪው ራሱ ነው። አስቀምጦ፣ ሌላ ሰው አልነበረም ያልከኝ ለምንድነው አለው።

«አልነበረማ።»

«ጋሽ መጋዘንስ?»

«እሳቸውማ የቤት ሰው ናቸው» አለ ዘበኛው። «አምሽቼ መሥራቴ ከተሰማ ከሥራ ያስወጡኛል፣ አደራህን ብለውኛል። እንጀራ ያበሉኝ ሰው ናቸው፤ እንዴት ብዬ...»

እዚያ ላይ ቆመ። መርማሪው ምንም ሳይለው ገባው። ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም፤ አንገቱ ብቻ ቀስ ብሎ ወደ ክፍሉ ጥግ ዞረ፤ ከቀትር ጀምሮ የተቀመጠው የምሳ ሳህን እዚያ ነው። ግማሹን በልቶታል። ተነሳና ወደ ግድግዳው ዞሮ አስመለሰው።

የመፈቻውን ወረቀት ፈረመ። መርማሪው፣ በል ሂድ፣ እናትህ በር ላይ ናት አለው። አልተንቀሳቀሰም።

«ሲወስዱኝ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል» አለ። «ሲመልሱኝም አብረውኝ ይምጡ።»

መርማሪው ሥራ አለብኝ ሊል ነበር። እናትየዋ ከድንጋይዋ ተነስታ እንደ ሁልጊዜው ቆማለች። ኮፍያውን አነሳ።

ጠራራ ፀሐይ ላይ ሦስቱ ጎን ለጎን ሄዱ። ልጅየው በመሀል፣ እናት በግራ፣ እሱ በቀኝ። ሰፈሩ ሲገቡ ጨዋታ ቆመ። አንዲት ሴት ልጇን ጎትታ ወደ ውስጥ ገባች። ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት ለሌላዋ፣ «የገደለበትን ዕቃ የት እንደደበቀ ሊያሳያቸው ይዘውት መጡ» ስትላት ሦስቱም ሰሙ። የፖሊሱን ልብስ አዩ እንጂ ካቴናው እንደሌለ ማን አየ? ዘበኛው የመጣበትን መንገድ ሊመለስ የፈለገ ይመስል እርምጃው ቀነሰ።

እናትየዋ በሯ ላይ ቆመች። አልከፈተችውም።

«እዚህ ነው የተናገሩት» አለችው። «እዚሁ ይንገሯቸው።»

መርማሪው ዙሪያውን አየ። መስኮቶቹ ሁሉ እሱን ነው የሚያዩት። ስሙን በአደባባይ አክብሮ የሚጠራለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀ ሰው ነው፤ ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚደረግ ግን አያውቅም ነበር። ይሄ ልጅ ንጹሕ ነው፣ ሰው አልገደለም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አለ። ድምፁ ከሸሚዙ አንገት አላለፈም።

እናትየዋ ቀና ብላ አየችው።

«አልሰሙም» አለች። «ይድገሙት።»